ብቻችሁን አትጻፉት፦ የተከታታይ ድራማ ሐሳብን በቡድን የማዳበር መመሪያ

እኛ ሀገር ተከታታይ ድራማን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው። ሌሊት ይጽፋል፤ ጠዋት ቀረጻ ቦታ ላይ ስክሪፕቱ ለተዋንያን ይታደላል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ያስኬዳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይደክመዋል። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ እሱ ማውራት ይጀምራሉ። ስምንተኛው ክፍል ላይ የተቀበረ ሰው ሃያኛው ላይ «አልሞትኩም» ብሎ ከች ይላል። ተመልካች ደግሞ አይሞኝም። በተለይ ቃና በ2008 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ በአማርኛ የሚያወራ የውጭ ድራማ አንድ ሪሞት ርቀት ላይ ነው ያለው።

ሌላው መንገድ ራይተርስ ሩም የሚባለው ነው። ጥቂት ጸሐፊዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃል ይሠሩታል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ክፍሎቹን ተከፋፍለው ይጽፋሉ። («ክፍል» ስል ኤፒሶድ ማለቴ ነው። እንዳይምታታ ራይተርስ ሩሙን ከዚህ በኋላ «ጠረጴዛው» እለዋለሁ።) አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የሕልውና ጉዳይ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ጸሐፊዎቹ 148 ቀን አድማ ሲመቱ፣ ካስነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኼ ጠረጴዛ እየሳሳ መሄዱ ነበር። በመጨረሻ የተፈረመው ስምምነት ቁጥር አስቀመጠ፦ እስከ 6 ክፍል ላለው ምዕራፍ (ሲዝን) ቢያንስ 3 ጸሐፊ፣ ከ7 እስከ 12 ክፍል 5፣ ከ13 ጀምሮ 6። ሁሉንም ክፍል አንድ ሰው ብቻውን የሚጽፍ ከሆነ ግን ይህ ግዴታ የለም።

እኛ የሆሊውድ በጀት የለንም። ደግነቱ ዘዴው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ሰሌዳ፣ ወረቀት፣ ቡና እና አንድ የሚወስን ሰው ካለ ይጀመራል። የመጨረሻዋን አስምሩባት። ሐሳብ የሚያዋጣ ሰው አይጠፋም፤ የሚጠፋው «በቃ፣ በዚህ እንሂድ» የሚል ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምናባዊ ድራማ ይዘን እንሂድ። መርካቶ ውስጥ ያለ ዕቁብ። 12 ነጋዴዎች፣ በየሳምንቱ 10,000 ብር፣ በሳምንት 120,000 ብር።

1. ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ሐሳቡ ሞተር እንዳለው እዩ

«ስለ መርካቶ ነጋዴዎች ሕይወት» ሐሳብ አይደለም፤ አካባቢ ነው። «ባሏ የከዳት ሴት» ለአንድ ፊልም ትበቃለች፤ ለ12 ሳምንት ግን አታስኬድም። ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ማንም ጸሐፊ ጣልቃ ሳይገባ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ችግር የሚወልደው ምንድን ነው?

ዕቁብ ይህንን በተፈጥሮው ይመልሳል። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል። በየሳምንቱ አንድ ሰው ብር ይይዛል፣ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዚያም በላይ፣ ቀድሞ የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው መክፈል ስላለበት ዕዳ ውስጥ ነው፤ ያልወሰደ ደግሞ ዕቁቡ እንዳይፈርስበት ስጋት ውስጥ ነው። ከ12ቱ ውስጥ ሰላም ያለው ሰው የለም። ለዚያውም 12 ዕጣ 12 ክፍል ይሰጣችኋል። ምዕራፉ ራሱን በራሱ ከፈለ ማለት ነው።

ይኼን በአንድ ገጽ ጻፉት። የት ነው፣ እነማን ናቸው፣ በየሳምንቱ ምን ይከሰታል፣ ምን ሊፈርስ ይችላል። አንድ ገጽ ካልሞላ ወይም አምስት ገጽ ካስፈለገው ገና አልበሰለም።

2. ከመጀመሪያው ቡና በፊት ወረቀት ተፈራረሙ

ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ይመጣል። የሚያስፈልገው ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። «ስለ ዕቁብ ድራማ ልሠራ ነው» ብሎ ካፌ ውስጥ ያወራ ሰው የተጠበቀለት ነገር የለም። የጻፈው ግን አለው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ አንድ ገጽ ቀን ተጽፎባት፣ ስም ኖሯት ትቀመጥ። ቡድኑ ሲሰበሰብ ደግሞ ቢያንስ እነዚህ በጽሑፍ ይስፈሩ፦ መነሻ ሐሳቡ የማን ነው፤ በጋራ የተሠራው የማን ይሆናል፤ ስም በምን ቅደም ተከተል ይወጣል፤ ድራማው ባይሸጥ ማን ምን ይዞ ይሄዳል፤ ለጠረጴዛው ቀናት ክፍያ አለ ወይስ የለም። ክፍያ ከሌለ «የለም» ብላችሁ ጻፉት። «ስናገኝ እንተያያለን» ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል።

ጠበቃ ብታማክሩ ይመረጣል። ካልተቻለ ሁለት ገጽ ግልጽ አማርኛ ከምንም ይሻላል።

3. ሰው ምረጡ

አራት ወይም አምስት። ከስድስት ካለፈ ስብሰባ ይሆናል፤ ከአራት ካነሰ ሁለቱ ሲጣሉ ሦስተኛው ዳኛ ሆኖ ይውላል።

አምስት ጎበዝ ጸሐፊ አትፈልጉ። አምስት የተለያየ ሰው ፈልጉ። አንዱ መዋቅር የሚገባው፣ የትኛው ትዕይንት ትርፍ እንደሆነ ቶሎ የሚያይ። አንዷ ጆሮ ያላት፣ የታክሲ ረዳትና የባንክ ሠራተኛ እኩል እንደማያወሩ የምታውቅ። አንዱ ዓለሙን ከውስጥ የሚያውቅ፤ ለእኛ ድራማ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ከሦስት የፊልም ትምህርት ቤት ምሩቅ ይበልጥብኛል፣ ጽፎ ባያውቅም። አንዱ ሁሉንም የሚጠራጠር፤ ይህ ሰው ያናድዳል፣ ግን ያድናል። ሴቶች አንድ ብቻ ባይሆኑ ጥሩ ነው። አንዷ ብቻዋን ስትሆን «ሴቶች ምን ይላሉ?» እየተባለች ስለ ሴት ሁሉ መልስ ሰጪ ትደረጋለች።

መሪ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ይታወቅ። ሁሉም ይናገራል፣ እሱ ወይም እሷ ይወስናሉ። በድምፅ ብልጫ የሚሠራ ድራማ ማንንም የማያስቆጣ፣ ማንንም የማይማርክ ነገር ሆኖ ይቀራል።

ውጭ ያለ ጸሐፊ መጨመር ይቻላል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ረፋድ ነው። ግን ግማሹ ሰው ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ስልክ ላይ ከሆነ ስልክ ላይ ያለው ይረሳል። ወይ ሁላችሁም በዙም ግቡ፣ ወይ እሱን ለንባብና ለአስተያየት አቆዩት።

4. ቦታውና ሰዓቱ

በር ያለው ክፍል። አንድ ትልቅ ግድግዳ ወይም ነጭ ሰሌዳ። ፖስት ኢት ካልተገኘ ኤ ፎር ወረቀት አራት ቦታ ቆርጣችሁ በፕላስተር ለጥፉ (እያንዳንዱን ቁራጭ «ካርድ» እለዋለሁ)። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ዋናው ነገር ግድግዳ ላይ እንጂ ላፕቶፕ ውስጥ አይሁን። ማታ ማታ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ቆሻሻ መስሏት ካነሳችው ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሐሳብ ሳይሆን ቀልድ ነው። ስልክ አንድ ቦታ ይቀመጥ። የሚጾም ሰው ካለ የምሳውን ነገር ቀድማችሁ አስቡበት፤ ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ክትፎ እየበሉ ሁለቱ ሽሮ ሲያዩ ጭቅጭቅ ይበዛል። አንድ ሰው በየተራ ቃለ ጉባዔ ይያዝ። የተወሰነውን ብቻ ሳይሆን የተጣለውንም ይጻፍ፤ ለሁለተኛው ምዕራፍ ትመለሱበታላችሁ።

5. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምንም አትወስኑ

ይኼ ሳምንት ለወሬ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን የዕቁብ ታሪክ ያምጣ። ማን ወስዶ ጠፋ? ለማን ዋስ ሆኖ ማን ከሰረ? ዕጣውን ሸጦ ማን ተጸጸተ? አንድ የዕቁብ ዳኛ ጋብዛችሁ ጠይቁ። «ዕቁብ እንዴት ይሠራል?» አትበሉ። «ሰው ሳይከፍል ሲቀር ቤቱ የምትሄዱት ስንት ሆናችሁ ነው? በሩን ማን ያንኳኳል?» በሉ። ድራማ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ስም ግን አትውሰዱ፤ የሰው ገመና እንዳለ ወደ ስክሪን አይወጣም።

በሳምንቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሦስት መስመር ይኑራችሁ፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል፣ ምን ደብቋል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ አያስፈልግም፤ ያን ተዋናዩ ይዞት ይመጣል። ከ12ቱ ዕቁብተኞች አምስቱን ብቻ አጉሏቸው። ሰባቱ ከኋላ ይቀመጡ፣ አንዳንዴ ብቻ ይናገሩ።

6. ይሉኝታን ከጠረጴዛው አስነሱ

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የውጭ መመሪያዎች «ሁሉም በነፃነት ይናገር» ብለው ያልፋሉ። እኛ ጋ እንዲያ ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጋሼ ካለ ጋሼ የተናገረው ሐሳብ አይነካም። ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል። ከዚያ ማኪያቶ ላይ፣ ጋሼ በሌለበት፣ ሐሳቡ ይቀበራል። በነጋታው ሰሌዳው ላይ ያለው ካርድ ማንም የማያምንበት ካርድ ነው።

አክብሮቱን ማጥፋት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። አካሄዱን ማስተካከል ግን ይቻላል።

መጀመሪያ የሚናገረው ትንሹ ይሁን፤ ታላቁ መጨረሻ። ተቃውሞ በጥያቄ ይምጣ፣ ጥያቄውም ስለ ገጸ ባሕርይው እንጂ ስለ ተናጋሪው አይሁን። «አልገባኝም» ማለት ይፈቀድ። «ይኼ አይሆንም» ያለ ሰው በምትኩ የሚሆን ነገር ይዞ ይምጣ፣ መጥፎም ቢሆን። ከባድ ውሳኔ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ስም ሳይጽፍ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሐሳቡን አስፍሮ መሐል ይጣል፤ መሪው ያንብበው።

እንዴት እንደሚመስል ላሳያችሁ። አራተኛው ክፍል ላይ ዕጣው ለሰናይት ወጥቷል እንበል። ተራው ሲደርሳቸው ታላቁ ጸሐፊ እንዲህ ይላሉ፦

«ጎረቤቷ ልጁ ታሞበታል። ሰናይት ደግ ስለሆነች ዕጣውን ለእሱ ትለቅለታለች።»

ዝምታ። ትንሿ ጸሐፊ እጇን ታነሳለች፦ «ጋሼ፣ ደግ ከሆነች... ምን ታጣለች?»

«እንዴት ምን ታጣለች? ብሩን ነዋ።»

«ብሩን ፈልጋው ነበር?»

ጋሼ ያስባሉ። የመርካቶው ልጅ ጣልቃ ይገባል፦ «ለሌላ ሰው ቃል ገብታበት ቢሆንስ? ለምሳሌ ወንድሟ ዱባይ ሊሄድ፣ ሰኞ ይከፈላል ተብሎ።»

«እንግዲያው» ይላሉ ጋሼ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ «ልጁ የታመመበት ጎረቤት ዋሷ ይሁን። እምቢ ካለችው የሚፈርምላት የለም።»

አያችሁ? ሐሳቡ አሁን የማን ነው? የማንም። ጋሼ አልተነኩም፣ እንዲያውም ምርጧን የጨመሩት እሳቸው ናቸው። «ደግ ናት» ያሏት ሴትዮ ግን ሁለት ቃል መሐል የተቀረቀረች ሰው ሆነች። ስለ ጠረጴዛው ብዙ ሰው የሚስተው ይኼን ነው፤ የሚፈለገው አምስት ሐሳብ ተደምሮ ሳይሆን፣ አንዱ ሐሳብ አምስት ሰው ጋ ዞሮ ሲመለስ የሚሆነው ነው።

7. ምዕራፉን ግድግዳ ላይ ዘርጉ

12 ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ። ከላይ ዕጣው የወጣለት ሰው ስም። የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር እዚህ ነው፦ ማን መቼ ይውሰድ? በጣም የሚያስፈልገው ሰው መጀመሪያ ከወሰደ ውጥረቱ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ከቆየ እያንዳንዱ ዕጣ የእሱ ቁስል ይሆናል። ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ መክፈል የሚያቅተው ሰው ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሙሉ በእሱ ጥላ ሥር ያልፋሉ።

በየዓምዱ ሦስት ክር ይኑር። ዋናው ታሪክ፣ ሁለተኛው (አብዛኛውን ጊዜ ፍቅር ወይም ቤተሰብ)፣ ሦስተኛው ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ። የተለያየ ቀለም ስጧቸው። ከዚያ ከግድግዳው ራቅ ብላችሁ እዩ። ሰማያዊው ከ5 እስከ 9 ጠፍቷል? እንግዲያው ያ ገጸ ባሕርይ ለአምስት ሳምንት ተረስቷል። ተዋናይዋ ትደውልላችኋለች።

መጨረሻውን አሁን ወስኑ። ዕቁቡ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም? ሊቀየር ይችላል፣ ግን ሳይታወቅ አይጻፍ። የሞቱ ሰዎች ተመልሰው የሚመጡት መጨረሻው ስላልታወቀ ነው።

8. አንዱን ክፍል ወደ ትዕይንቶች ስበሩት

ካርድ በካርድ፣ አንድ ካርድ አንድ ትዕይንት። በሁለት ካርዶች መሐል «ከዚያ» ብቻ የሚገባ ከሆነ ታሪኩ ቆሟል። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» መግባት አለበት። የሰናይት ክፍል ይኼን ይመስላል፦

ዕጣው ለሰናይት ይወጣል። ነገር ግን ብሩን ለወንድሟ ጉዞ ቃል ገብታበታለች። ስለዚህ ዛሬውኑ ልትወስድ ትቸኩላለች። ነገር ግን ያለ ዋስ አይሰጣትም፣ ዋሷ ደግሞ ዕጣውን ለልጁ ሕክምና እንድትለቅለት ይለምናታል። ስለዚህ ግማሽ ግማሽ እንካፈል ትላለች። ነገር ግን ወንድሟ ግማሹን ይዞ ደላላው ጋ ሲሄድ ደላላው አይቀበለውም። ስለዚህ ወንድሟ ሌሊት ሌላኛውን ግማሽ ይዞ ይጠፋል። ጠዋት ዋሱ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ይደውልላታል። ስልኩ ሲጠራ ክፍሉ ያልቃል።

ልብ ሰቀላው ከየት መጣ? ከአደጋ ወይም ከሽጉጥ አይደለም። ሰናይት ስልኩን አንስታ ምን እንደምትል ስላላወቅን ነው።

የቀረጻውን ነገር እዚሁ አስቡት። እያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ ቦታውን ጻፉ፦ ሱቅ፣ ሰናይት ቤት፣ ሆስፒታል በር። አንዱ ክፍል ዘጠኝ ቦታ ካለው ፕሮዲውሰሩ ራሱን ይይዛል። ዱባይ የሚለው ካርድ ከአፍ አይለፍ፤ ሰዎች ስለ ዱባይ ማውራት ነፃ ነው፣ ዱባይ መሄድ ግን አይደለም። መርካቶ አደባባዩ ላይ መቅረጽም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ታሪክ የሱቅ ጓዳ ውስጥ አድርጉት።

9. ተከፋፍላችሁ ጻፉ

ሰሌዳው ሲጸድቅ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ይውሰድ። መጀመሪያ ከሁለት እስከ አራት ገጽ ዝርዝር፣ ያለ ቃለ ተውኔት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተነቦ ሲያልፍ ብቻ ስክሪፕት። ይህቺን ደረጃ መዝለል ያምራል። አትዝለሏት። ሁለት ገጽ መጣል በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ አርባ ገጽ መጣል ግን ሰው ያስቀይማል።

ስክሪፕቱ ሲደርስ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ የስልክ ሰዓት ይዛችሁ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚለው ልማድ በእንግሊዝኛ ፎርማት ላይ የተሠራ ነው፤ በአማርኛ ቃለ ተውኔት አትመኑት። ጣቢያው ማስታወቂያ ሲቀነስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስታነቡ የአንዱን መስመር ለሌላው ስጡት። ዳኛው የሚለውን ሰናይት ብትለው የማይታወቅ ከሆነ ሁለቱም ገና ድምፅ የላቸውም።

በመጨረሻ መሪ ጸሐፊው 12ቱንም ክፍል አንድ ሰው የጻፋቸው እስኪመስሉ ይዳስሳል። ይህ የመሪው ሥራ ነው፣ ቂም የለውም። ስም ግን የጻፈው ሰው ስም ሆኖ ይቆይ።

10. ለጣቢያ ወይም ለፕሮዲውሰር ስታቀርቡ

የሚያዝ ነገር፦ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የመጀመሪያዋ አንድ ገጽ፣ የገጸ ባሕርያቱ ሦስት ሦስት መስመር፣ የ12ቱ ክፍል አጭር ማጠቃለያ፣ አንድ ሙሉ ስክሪፕት። ሁለት ሰው ይግባ፤ መሪው እና ከቡድኑ ጥሩ የሚያወራው። አምስታችሁም ከገባችሁ ፕሮዲውሰሩ የሚቆጥረው ታሪኩን ሳይሆን ደመወዙን ነው።

የትኛውን ክፍል ስክሪፕት ይዛችሁ ትገባላችሁ? ብዙው ሰው የመጀመሪያውን ይይዛል። እኔ አራተኛውን እጨምር ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሰዎችን ሲያስተዋውቅ ያልፋል፤ አራተኛው ግን ሞተሩ ሲሠራ ያሳያል። «በየሳምንቱ ምን ይሆናል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ የሰናይትን ስክሪፕት ጠረጴዛው ላይ አድርጉና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ቦታ ነው የሚቀረጸው?» ነው። ካርዶቹ ጥግ ላይ ስለጻፋችሁት መልሱ እጃችሁ ላይ አለ።